«ፍሬን በጠሰ»፦ የጣርማ በር ቁልቁለትና የመኪና ብልሽት ምርመራ ታሪክ

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ መኪና 180 ኪሎ ሜትር ያህል በደጋው አምባ ላይ ከሄደ በኋላ ጣርማ በር ሲደርስ ምድሪቱ ከፊቱ ትቆረጥበታለች። በሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖረው፣ ከሥሩ በይፋት ቆላ የተቆረቆረችው ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በዚህች አጭር ርቀት መኪናው ወደ 1,800 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፤ ከብርድ ወደ ሐሩር፣ ከስስ አየር ወደ ወፍራም አየር ይሻገራል። ከዚያም ጀውሃንና አጣዬን አልፎ በካራቆሬ አካባቢ ወደ ምዕራብ የሚገነጠል መንገደኛ እንደገና ሽቅብ ይጀምርና ወደ ማጀቴ ይወጣል።

እንዲህ ያለ መንገድ የመኪናን ድካም ያጋልጣል። በሜዳ ላይ ለወራት ተሸሽጎ የሚቆይ ጉድለት እዚህ በአንድ ቀን ይገለጣል፤ የላላ ቺንጋ፣ የደፈነ ራዲያተር፣ ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ የተሰነጠቀ ባሌስትራ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ሳይታወቅበት ማለፍ አይችልም። ስለዚህ የመኪና ብልሽት በኢትዮጵያ እንዴት ሲመረመርና ሲጠገን እንደኖረ ለመረዳት የሚሻ ሰው ከአዲስ አበባ ጋራዦች ይልቅ ከዚህ ዳገት ቢጀምር ይቀናዋል። የታሪኩ ባለቤቶች ሹፌሮች፣ ረዳቶችና የመንገድ ዳር መካኒኮች ናቸው። ዕውቀታቸው በአብዛኛው በጽሑፍ አልሰፈረም፤ በጆሮ፣ በእጅና በአፍንጫ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። ከዚህም የተነሣ የዚህ ዕውቀት ብርታትም ሆነ ጉድለት ከሚነገርበት ቋንቋ ጋር እንደ ድርና ማግ ተያይዟል።

መንገዱና ቋንቋው

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቢሆንም፣ የይፋት መንገድ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን የጭነት ከብት መንገድ ሆኖ ቆይቷል። ከቆላው የመጣ ግመል በአልዩ አምባ አካባቢ ጭነቱን ያራግፍና ከዚያ ወደ ላይ በቅሎና አህያ ይረከቡት ነበር። ግመሉ ደጋውን የማይወጣው እግሩም ሳንባውም ለዚያ አገር ስላልተፈጠረ ነው። በኋላ የመጣው መኪና ግን ምትክ የለውምና አንዱ ሞተር ሁለቱንም አገር እንዲችል ተገደደ።

በኅዳር 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶሞቢል ሲዘምቱ መንገዱ ገና ጥርጊያ ነበር። ከ5 ወራት በኋላ በሚያዝያ ወር ከደሴ ተነሥቶ ወደ ዋና ከተማው የገሠገሠው የባዶልዮ ጦር ከ1,500 የሚበልጡ ካሚዮኖችና አውቶሞቢሎችን አሰልፎ በዚሁ በይፋት በኩል አለፈ። ጣርማ በር ላይ ግን መንገዱ አስቀድሞ እንዲፈርስ ተደርጎ ስለነበረና ዝናቡም ስለበረታ ያ ሁሉ ሰልፍ ጭቃ ውስጥ ቆመ። ወታደሮቹ መንገዱን እየጠገኑ፣ መኪናውን በትከሻቸው እየገፉና እየጎተቱ አሳለፉት እንጂ ሞተር ብቻውን አላወጣውም። ጦሩ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በዚህ ዳገት ላይ ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ ሲፈተን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ጣልያኖች ከዚያ ወዲህ የሠሩት የአስፋልት መንገድና በጣርማ በር ተራራ ሆድ ውስጥ የቀደዱት 600 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ የበሩን አናት አስቀርቶታል። ዳገቱን ግን አላስቀረውም። በመንገዱ ላይ ይመላለሱ ከነበሩት ካሚዮኖች መካከል ስሙን ከቁጥሩ ያገኘው ፊያት 634፣ በሕዝብ አጠራር «ትሬንታ ኳትሮ»፣ በናፍጣ የሚሠራ ባለ 6 ሲሊንደር ሲሆን ጉልበቱ ከ75 እስከ 80 ፈረስ ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ መለስተኛ የቤት አውቶሞቢል ከዚህ የበለጠ ጉልበት አለው። በእንዲህ ያለ ጉልበት ብዙ ቶን ጭኖ ጣርማ በርን መውጣት የሰዓታት ሥራ ነበር። ረዳቱም ከመኪናው ኋላ በእግሩ እየተከተለ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር የእንጨት ታኮ ከጎማው ሥር ይወሸቅ ነበር።

ታኮ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ የጫማ ተረከዝ ማለት ነው። ይኸው ቃል በአማርኛ የሴት ወይዘሮን ጫማና የካሚዮንን ጎማ እኩል ያገለግላል። የመካኒኩም ቋንቋ ከሞላ ጎደል ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቢዬላ፣ ፖምፓ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ድል ሲሆን ካሚዮኖቹና ከጣልያን ባለሙያዎች አንዳንዶቹ በአገሩ ቀርተዋል፤ በየጋራዡ ዕቃ በማቀበል የጀመሩት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሥራውን ከነስሙ ተረከቡ። ቃሉ ሲወረስ ግን ማብራሪያው አብሮ አልተወረሰም። አንድ ልጅ «ጓርኒሲዮን» የሚለውን ስም ሲሰማ ያ ዕቃ ምን እንደሚያደርግ ከስሙ ሊገምት አይችልም፤ መኪናው ሲበላሽ አይቶ ብቻ ያውቀዋል። በአንጻሩ ሠራተኛው በራሱ ቋንቋ የሰየማቸው ጥቂት ዕቃዎች ሥራቸውን ወይም መልካቸውን ይናገራሉ። «የፍሬን ሸራ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሽቅብ

ዳገት ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ምልክት ጭስ ነው። በጣርማ በር ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳር አየር ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ አየርን በራሱ ብቻ የሚስብ ሞተር በዚያው መጠን ጉልበቱን ያጣል። የነዳጅ ፖምፓው ግን ይህን አያውቅም፤ የተስተካከለለትን ያህል ናፍጣ መርጨቱን ይቀጥላል። አየር ያጣው ናፍጣ በሙሉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ከአሰብ ወደብ በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ካሚዮን ከባሕር ወለል ተነሥቶ ይህን ሁሉ ከፍታ በአንድ ጉዞ ይወጣ ስለነበር፣ አሰብ ላይ የተስተካከለ ፖምፓ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ማጨሱ፣ አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለውም አሰብ ሲወርድ ጉልበት ማጣቱ የማይቀር ነበር።

እዚህ ላይ የልምድ መካኒኮች ያዳበሩት የመለየት ችሎታ ሊመሰገን ይገባዋል። ጥቁሩ ጭስ ዳገት ላይ ብቻ ከታየና ሜዳ ላይ ከጠፋ የአገሩ ነው ብለው ይተዉታል፤ ሜዳም ላይ ካልለቀቀ የአየር ማጣሪያውን ፈትተው አቧራውን ያራግፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው እጃቸውን ወደ ፖምፓው የሚዘረጉት። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት ከናፍጣው ጋር እየተቃጠለ መሆኑን፣ ይኸውም ፋሻው ወይም የቫልቩ መሪ ማለቁን ይናገራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይለቅ፣ እንደ እንፋሎት የሚጥመለመል ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን በሞተሩ አካል ላይ፣ እጀታውን በጆሮ ላይ አሳርፎ የሚንኳኳው ቢዬላ የስንተኛው ሲሊንደር እንደሆነ መለየትም የዚሁ ሙያ ክፍል ነው። ሐኪሙ ደረት የሚያዳምጥበት መሣሪያ ከዚህ በአሠራሩ አይለይም።

የመፍላት ነገር ግን ሌላ ነው። ውሃ በባሕር ዳር በ100 ዲግሪ ሲፈላ በጣርማ በር 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የቀድሞዎቹ ካሚዮኖች የራዲያተር ክዳን ግፊት የሚይዝ ስላልነበረ፣ በሙሉ ጭነት በዝግታ ሽቅብ የሚወጣ ሞተር በነፋስ እጦት ላይ ይህም ሲጨመርበት ሳይፈላ በሩን ማለፉ ዕድል ነበር። የሹፌሩ መድኃኒት ቆሞ ማቀዝቀዝና ውሃ መጨመር ሆነ። በርሜልና ጀሪካን ተሸክሞ መሄድ ልማድ ሆነ፤ ከወንዝ የተቀዳ ውሃም ጭቃውንና ጨውን ይዞ ወደ ራዲያተሩ ገባ። ጨው በሙቀት ሲረጋ በቧንቧዎቹ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይለጠፋል፤ የተለጠፈው ድንጋይ ሙቀትን አያስተላልፍም፤ ሞተሩም ዘንድሮ ከአምናው ቀድሞ ይፈላል። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ በችኮላ ሲፈስስ ደግሞ ቴስታታው ይሰነጠቃል።

ከዚህ የከፋው የቴርሞስታት ዕጣ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተሩ የሚያግድ፣ ሲሞቅ የሚለቅ ትንሽ በር ነው። ተዘግቶ ሲቀር ሞተሩ ስለሚፈላ አንድ ቀን መንገድ ላይ ተፈትቶ ይጣላል፤ መኪናውም ያን ቀን ከቤቱ ይገባል። ለዚያች ቀን ውሳኔው ትክክል ነበር። ችግሩ ያች ቀን ሠላሳና አርባ ዓመት መቆየቷ ነው፤ «ለኛ አገር ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚል ሕግ እስኪመስል ድረስ ደህናውም ከአዲስ ሞተር እየተፈታ ሲጣል ኖረ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደብረ ብርሃን ብርድ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፤ ፋሻው ከጊዜው በፊት ያልቃል፤ ከዚያም ሰማያዊው ጭስ ይመጣና «ሞተሩ አረጀ» ይባላል። በብዙ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ቧንቧ አብሮ ይዘጋዋል። ቴርሞስታቱ ሲነሣ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር ከጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ሞተሩ እንዳይፈላ ተብሎ የተወሰደው እርምጃ ያፈላዋል ማለት ነው።

ቤንዚን የሚጠጡት መኪኖች ያመጡት ጣጣ ከዚህ ይቀልላል። ሸዋ ሮቢት ላይ በቀትር የቆመ የቤንዚን መኪና ቱቦው ውስጥ ነዳጁ ተንኖ አልነሣም ሲል፣ እርጥብ ጨርቅ በነዳጅ ፖምፓው ላይ አኑሮ ጥቂት መታገሥ ይበቃ ነበር። ምርመራውም ፈውሱም አንድ ሆኖ የተገኘበት ብርቅ ጉዳይ ነው።

ቁልቁል

የወደቀ ሁሉ ይሞቃል። 15 ቶን የሚመዝን ካሚዮን ከጣርማ በር ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,800 ሜትር በመውረዱ የሚለቀው ጉልበት ወደ 265 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። ይህም አራት በርሜል፣ ማለት 800 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ በጎማና በአየር መከላከል ይጠፋል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ መሸከም አለበት። ሦስተኛ ተሸካሚ የለም።

ሞተሩ እንዲሸከም ከባድ ማርሽ ገብቶ በዝግታ መውረድ ያስፈልጋል። የአልፕስ ተራሮችን የሚያቋርጡ አገሮች ይህን ቀድመው አውቀው፣ የስዊሱ ሳውረር ኩባንያ ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሞተሩን ራሱን ወደ ፍሬንነት የሚለውጥ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በእኛ ቁልቁለት ግን ሌላ ልማድ ሰፈነ፤ ስሙም «ፎሌ» ነው። ማርሹን አውጥቶ፣ አንዳንዴም ሞተሩን አጥፍቶ መንከባለል ማለት ነው። ምክንያቱ ነዳጅ መቆጠብ ነበር፤ ናፍጣ በራሽን በሚታደልበትና ሹፌሩ በተረፈው ሊትር በሚጠቀምበት ዘመን ፈተናው ቀላል እንዳልነበረ መገንዘብ ይገባል። በፎሌ የሚወርድ ካሚዮን ግን ያን ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ላይ ብቻ ይጭናል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ፍሬኑን የሚያግዘው አየር ወይም ቫኪዩም መመንጨቱን ያቆማል። ናፍጣ የሚቆጠበው እንኳ በቀድሞው ግምት ያህል አይደለም፤ ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ ፖምፓው ወደ ሞተሩ ነዳጅ መላኩን ያቋርጣልና።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር በሦስት መንገድ ሊሆን ይችላል፤ የብልሽት ምርመራ ጥበብ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ ሹፌሩ በሙሉ ኃይሉ ይረግጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም፤ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። እዚህ ላይ የከዳው ሸራው ነው። ከ250 እና ከ300 ዲግሪ በላይ ሲግል ማጣበቂያው ጋዝ ያወጣና ሸራው ከመያዝ ይልቅ መንሸራተት ይጀምራል። በሁለተኛው መንገድ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወለል ይነካል። የከዳው የፍሬን ዘይቱ ነው። በብዙ መኪኖች የሚሠራበት ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ከቆየ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። በሦስተኛው መንገድ፣ ይኸውም በአየር ፍሬን፣ ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፤ የሚገፋው ዘንግ መንገዱን ይጨርስና ሸራው ታምቡሩን በደንብ ሳይነካ ይቀራል። ሹፌሩ ደጋግሞ ሲረግጥ ደግሞ የአየሩ ግፊት ይወርዳል።

የመጀመሪያው ፈውስ ማርሽና ትዕግሥት፣ የሁለተኛው ዘይቱን በየጊዜው መለወጥ፣ የሦስተኛው ሸራውንና ታምቡሩን በልክ ማስተካከል ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ለሦስቱም የተሰጠው ስም ግን አንድ ነው፤ «ፍሬን በጠሰ»።

ቃሉ ፍሬን በገመድና በብረት ዘንግ ይሠራ ለነበረበት ዘመን በትክክል ይስማማል፤ ያኔ በእርግጥ የሚበጠስ ነገር ነበር። በዘይትና በአየር ለሚሠራው ግን በጣም ጥቂት ጊዜ ብቻ ይስማማል። በቅርብ ዘመን በተሠሩ የከባድ ካሚዮኖች የአየር ፍሬን ላይ እንዲያውም አየሩ ሲያልቅ ሞላው ራሱ የኋላውን ጎማ ይይዛል፤ የተበጠሰ ቱቦ መኪናውን ያቆማል እንጂ አይለቅቀውም። እንደዚህም ሆኖ አንድ ካሚዮን ከጣርማ በር ወይም ከሌላ ቁልቁለት ተንደርድሮ ሰው ሲጨርስ በዜናም ሆነ በወሬ የሚነገረው «ፍሬን በመበጠሱ» የሚል ነው። የተበጠሰ ነገር የድንገት ነው፤ ባለቤት የለውም። ያለቀ ሸራ፣ ሳይለወጥ የከረመ ዘይት፣ ከልኩ በላይ የተጫነ ጭነት፣ በፎሌ የተወረደ ቁልቁለት ግን እያንዳንዱ ባለቤት አለው። ስሙ ምርመራውን ገና ሳይጀመር ዘግቶታል።

ለጉዳዩ የመለዋወጫ እጦትም ድርሻ አለው። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ባነሰ ጊዜ የሚስማማ ሸራ ማግኘት ስለሚያስቸግር የሌላ መኪና ሸራ በመጋዝ ተቆርጦ፣ በእጅ ተበስቶ፣ በመዳብ ምስማር ይለጠፍ ነበር። የተቦረቦረ ታምቡር በቶርኖ እየተላገ፣ በየጊዜው እየሳሳ ያገለግላል፤ የሳሳ ታምቡር ደግሞ ሙቀት የሚይዝበት ሥጋ ስለሌለው ቶሎ ይግላል። ይህ ብልሃት በ1977 ዓ.ም. ረሀብ እህል ለወሎና ለሰሜን ሸዋ ሲጓጓዝ ካሚዮኖቹን በመንገድ ላይ እንዳቆየ የሚካድ አይደለም። የቀድሞው ሸራ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ስለነበር ግን ያን ሲልግና አቧራውን በአፉ ወይም በአየር ቱቦ ሲያራግፍ የዋለ ሠራተኛ የሳንባውን ዋጋ አብሮ ከፍሏል። ዛሬ በብዙ አገሮች ታግዷል፤ በሠራተኛው ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን በየመንገድ ዳሩ ጋራዥ አልተቆጠረም።

ማጀቴ

የማጀቴ ስም በመሐንዲሶች ዘንድ የሚታወቀው ከሁሉ በፊት በመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ፈጽሞ ሲያፈርሳት፣ ከካራቆሬ ቤቶችም ግማሽ ያህሉን ጣለ። ከካራቆሬ በስተሰሜን 17 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ዋናው መንገድም በመሬት መንሸራተትና በስንጥቅ ተጎዳ። መንገዱን ይጠብቅ የነበረው በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢምፔሪያል ሃይዌይ ባለሥልጣን ነበር። የይፋት መንገድ የተዘረጋው መሬቱ ራሱ በሚሰነጠቅበት በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ መሆኑን ያ ዓመት አሳይቷል።

ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ማጀቴ የሚወጣ መኪና ብልሽቱ ሌላ ነው። ድንጋይና ጎርፍ የሰነጠቀው መንገድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈትነው ባሌስትራን ነው። የባሌስትራ ስብራት ደግሞ አታላይ ነው። ዋናው ቅጠል ከመሐሉ ቡሎን አጠገብ ሲሰነጠቅ ሌሎቹ ቅጠሎች ስለሚሸፍኑት አይታይም፤ የሚታየው መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳቡ ነው። ልምድ የሌለው መሪውን ያስተካክላል፤ ጎማ ይለውጣል፤ እንደገናም ይሳባል። ልምድ ያለው መኪናውን ከኋላው ሆኖ በዓይኑ ይለካል፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች በአንድ መስመር ካልሆኑ አክሱሉ ከቦታው ተንሸራትቷል፣ ከቦታው የተንሸራተተውም ቅጠሉ ወይም የመሐሉ ቡሎን ስለተቆረጠ ነው ብሎ ወደ ባሌስትራው ይጎነበሳል።

እንዲህ ባለ ስፍራ የተሰበረ መኪና መካኒክ ጠርቶ አያመጣም። ጠጋኙ ሹፌሩና ረዳቱ ናቸው፤ መሣሪያቸውም ክሪክ፣ ሽቦ፣ ጠፍርና በመንገድ ዳር የተገኘ ግንድ ነው። በአክሱሉና በሻንሲው መካከል እንጨት ወሽቆ፣ በሽቦ ጠፍንጎ እስከ አጣዬ ወይም እስከ ሸዋ ሮቢት መድረስ ይቻላል። ይህ ጥገና እንደ ቴርሞስታቱ ልማድ ሆኖ አለመቅረቱ ሊስተዋል ይገባል፤ እንጨቱ በዓይን ስለሚታይና ተሳፋሪውን ስለሚያንገጫግጭ ማንም ጊዜያዊ መሆኑን አይረሳውም። የማይታየው ጥገና ነው ዘላቂ ሆኖ የቀረው።

ጋራዥና ኮሌጅ

በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት፣ ቆይቶም የምሕንድስና ኮሌጁና በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የተማረ ባለሙያ አወጡ። የተማረው ግን የሚናገረው «ክላች» እና «ጊርቦክስ» እያለ በእንግሊዝኛው ነው፤ ጋራዡ ደግሞ «ፍሪሲዮን» እና «ካምቢዮ» ይላል። ልዩነቱ የቃል ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ኮሌጁ ዘይት በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ያውቃል፤ ጋራዡ የትኛው መታጠፊያ ላይ እንደሚፈላ ያውቃል። አንደኛው ሌላውን ጠይቆ በአማርኛ የጻፈው መጽሐፍ ግን ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው፤ የካሚዮን መመሪያ መጽሐፍም ባልገባው ቋንቋ ተጽፎ ከመቀመጫ ሥር ሲያረጅ ኖሯል።

በአሁኑ ዘመን ጣርማ በርን የሚወርዱት የቻይና፣ የጃፓንና የአውሮፓ ካሚዮኖች ብዙዎቹ የጭሱን መውጫ ዘግቶ ሞተሩን የሚያፍን ፍሬን አላቸው። ሸራው ሲያልቅ ዘንጉን ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያም የተገጠመላቸው አሉ። በአዳዲሶቹ ላይ ብልሽቱን በቁጥር የሚናገር ኮምፒዩተር አለ፤ መካኒኩም መሣሪያ ሰክቶ ቁጥሩን ያነብባል። ቁጥሩ ግን የትኛው ስሜት ሰጪ እንደ ተናገረ ብቻ ይገልጻል። ሞተሩ ጋለ የሚል ቁጥር ቺንጋው ይላላ፣ ራዲያተሩ ይደፈን፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠል አይለይም። በራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ የሚያይ፣ የዘይት መለኪያውን ስቦ ወተት የመሰለ ዘይት የሚያገኝ ዓይን አሁንም ያስፈልጋል።

ካሚዮን ከጣርማ በር ወርዶ ሜዳው ላይ ሲቆም ከድሮ ጀምሮ የሚደረግ አንድ ምርመራ አለ። ረዳቱ ወርዶ መኪናውን ይዞራል፤ እጁን ሳያስነካ ወደ እያንዳንዱ ታምቡር አስጠግቶ ሙቀቱን ይለካል። ልምድ የሌለው ረዳት ከሁሉ የጋለውን ጎማ አግኝቶ እሱን አመመው ይላል፤ አንዳንዴም እውነት ነው፤ ሳይለቅ የቀረ ፍሬን እንደዚያ ያግላል። ያወቀው ግን ከሌሎቹ የቀዘቀዘውን ይፈልጋል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ድርሻውን ያልተሸከመው፣ የራሱንም ሙቀት በሌሎቹ ላይ የጫነው ያ ነው፤ መጀመሪያ የሚፈታውም እሱ ነው።